የወይዘሮ ወሰንየለሽ ጓጉንቸር

ትናንት ከሰዓት በኋላ የውጩን በር ሲመታ የነበረው ማን ይሆን? ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሲገላበጡ ያደሩት ይህንኑ እያሰቡ ነው። ካርቱም በሰልፍ ስትናጥ ሰነበተች፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ ሰልፈኛው በየሰፈሩ ይበተናል። ከተበተነው አንዱ መሆኑ አይቀርም። መዳፍ ሲመታ ይሰማል፤ የሚጣራ የሰው ድምፅ ግን አልነበረም። እሳቸው የጓጉንቸሩን ቁልፍ በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እስኪተው ጠበቁ።

ጧት በሰፈራቸው በአል-ሳሃፋ፣ ዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ፣ ከጎረቤታቸው ከመምህርት ሉጥፊያ ጋር ተገናኙ።

«ሐቦባ፣ ደኅና አደሩ?» አለች። ሰፈሩ አያቶችን የሚጠራው እንዲህ ነው። «ያ ጓጉንቸር ዛሬም አለ?»

«አለ እንጂ። ምነው፣ ሌባው ጾም ገባ እንዴ?»

«ለሌባማ ማታ ይቆልፉ፤ ማን ከለከለዎት? ቀን ቀን ግን የመንገዳችን ሰው ሁሉ ለሚሸሽ ሰልፈኛ በሩን ገርበብ አድርጎ እንዲተው ተስማምተናል።»

«እናንተ ባገራችሁ ተስማሙ። ፖሊስ ተከትሎ ቢገባ አንቺን ‹ያ ኡስታዛ› ብሎ፣ በመምህርነትሽ አክብሮ፣ ገሥጾሽ ይሄዳል። እኔን ‹ኢቃማሽ የታል?› ነው የሚለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ካለፈበት ቆየ፣ ልጄ። በስተርጅና ተጭኜ ድንበር ልጣል? ያቺ የሙት ልጅስ ለማን ትቅር?»

ያቺ የሙት ልጅ የልጅ ልጃቸው ሳራ ናት፤ ነርስነት ትማራለች።

መምህርቷ አልሳቀችም። የእውነት የፈራ ሰው መልስ እንጂ ፌዝ አይገባውም።

«ፍርሃትዎ ልክ ነው» አለች። «ግን ያስቡት። በሩ ሁሉ ክፍት ሲሆን የሸሸው ሰው እንደ ውኃ ይሰርጋል፤ ፖሊሱ የትኛው ቤት እንደገባ አያውቅም። የሚያዘው የተቆለፈ በር ሲደበድብ የተገኘው ነው። ፖሊስን ደጃፍዎ ድረስ የሚጎትተው እሱ ጓጉንቸር ነው።»

«የማን ልጅ እንደሆነ ሳላውቅ ልክፈት?»

«ትናንት ቢያውቁ ኖሮ ይከፍቱ ነበር?»

የወይዘሮ ወሰንየለሽ እጅ ወደ መቀነታቸው ሄደ። «ትናንት በሬ መመታቱን ማን ነገረሽ?»

ሉጥፊያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከበሬ ላይ ሆኜ አየኋት። ጭሱ ጉሮሮዋን ዘግቶት ‹እማማ› ማለት አቅቷት ነበር። ጎትቼ አስገባኋትና ዓይኗን አጠብኩላት። ‹ለእማማ እንዳይነግሩብኝ፣ ትደነግጣለች› አለችኝ።»

አሮጊቷ ዳቦው ሳይደርሳቸው ተመለሱ።

ሳራ ደብተሯን ይዛ ለመውጣት ተነሥታለች፤ ዓይኗ ቅላቱ አልለቀቀውም። የመቀነቱ ቋጠሮ አልፈታ ብሎ ብዙ አስቸገራቸው። ጓጉንቸሩን ከውጩ በር አወለቁና የዱቄት ሣጥኑ ላይ ቀረቀሩት።

«ጓጉንቸር ለዱቄት ነው» አሉ። «ዱቄት አያንኳኳም። የኔ በር ለሰው ልጅ ክፍት ከዋለ፣ አንቺንም ጀብራ ሰፈር ሆነ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ጭስ ቢያገኝሽ የማላውቃት እናት ትከፍትልሻለች። ሌላ መጠበቂያ የለኝም።»

ከዚያ አላስችል አላቸው። «የምትሄጂው ወደ ትምህርትሽ ነው ወይስ…»

ሳራ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ተወችው።