ትናንት ከዚህ ድስት የበላ ስንት ነው?

ኣቦይ ዓንደብርሃን እህል ሳይገዙ እህል ተራ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት መቀሌ ውስጥ እህል ሲነግዱ ኖረው ሱቃቸው በጦርነቱ ጊዜ ቢዘጋም፣ እግራቸው መንገዱን አልረሳም። ጠዋት ጠዋት እንዳ ኢየሱስ ከሚባለው ሰፈራቸው ይወርዱና ከጆንያ ጆንያ እየዞሩ እፍኝ ጤፍ ያነሳሉ፤ እፍ ይሉታል፤ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ “ኧረ ተው!” ብለው ይመልሱታል። እንደማይገዙ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል? የናፈቃቸው ደግሞ እህሉ አልነበረም። ልጃቸው ማቲያስ ሚዛኑ ላይ ቆሞ “አባ፣ ስንት ልበል?” የሚላቸው በዚህ ሰዓት ነበር። ማቲያስ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ማዶ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ድምፁ ከጠፋም እንዲሁ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

አንድ ማክሰኞ ታብሌት ይዛ ዋጋ የምትጠይቅ ወጣት አገኙ። ኣሪያም ትባላለች፤ ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በሥነ ምግብ የተመረቀች ናት። ሥራዋ በየወሩ የገበያውን ዋጋና የየቤቱን አመጋገብ እየዞሩ መመዝገብ ነው፤ የት ሰፈር እንደተቸገረ የሚታወቀው በዚህ ነውና። አንድ ነጋዴ የነገራትን ዋጋ ልትጽፍ ስትል ኣቦይ ዓንደብርሃን አላስቻላቸውም።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን አትጻፊ። እሱ የነገረሽ የሚጠራውን ዋጋ ነው፤ የሸጠበትን ጠይቂው። ደግሞ ሰርገኛውን ጤፍ በነጩ ስም ነው የነገረሽ። ውሸት ከጻፍሽበት መዝገብሽ ምን ይረባል?”

ነጋዴው እየሳቀ ዋጋውን አስተካከለ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር አብረው ዞሩ። ሽማግሌው ሰው ከፈለጋቸው ቆይቶ ነበርና ፊታቸው በራ። ከሰዓት በኋላ የእንዳ ኢየሱስን ቤቶች እንደምትጠይቅ ስትነግራቸውም፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው “እንግዲያው ከእኔ ቤት ትጀምሪያለሽ” አሏት።

ባለቤታቸው ኣደይ ኣምለሰት እንግዳዋን በአክብሮት አስቀመጡና አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረቡላት፤ ሌላ ነገር አልተከተለም። የማቲያስ ልጅ ሳሊና አያቷ ጉያ ውስጥ ተወሽቃለች፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ ራሄል ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ሄዳለች።

ኣሪያም በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቀች። ኣቦይ ዓንደብርሃን አምስት አሉ። ትናንት ስንት ጊዜ እንደበሉ ጠየቀች። ሦስቴ አሉ፤ ምሳው በሥጋ እንደነበረና ሽሮውም ቅቤ እንዳልጎደለው ጨመሩበት። ኣደይ ኣምለሰት መሬት መሬት ያያሉ። ኣሪያም የክንድ መለኪያ ጥብጣቧን አውጥታ የሳሊናን ክንድ ስትለካ ቢጫው ላይ ቆመ። ቢጫ ማለት ሕፃኑ ምግብ እየጎደለው ነው ማለት ነው።

“ኣቦይ፣” አለች ቀስ ብላ፣ “ይህ ክንድ ሦስቴ የሚበላበት ቤት ክንድ አይደለም።”

ሽማግሌው ተቆጡ። “ሰው ቤት ገብተሽ ጓዳ ትፈትሺያለሽ? እኛ ያደግነው ጠግበን አደርን ማለት ተምረን ነው። ሞሰቤ ጎደለ ብሎ ለባዳ የሚናገር በዘሬም የለም።”

እውነታቸውን ነው፤ ያደጉት እንዲያ ነው። ችግሩ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው እሳቸውን መሆኑ ነው። ዓንደብርሃን ሦስቴ በላሁ ካለ ጎረቤታቸው ሓዱሽ እንዴት አንዴ ይበል? ኣሪያም በትሕትና አስረዳቻቸው። ባለፈው ወር ከዚህ ሰፈር የተጠየቁት ዐሥራ ሁለቱም ቤቶች ጠግበናል ብለዋል። ለሕፃናት የሚመጣው አልሚ ምግብ የሚሄደው ደግሞ ጉድለት ወደተመዘገበበት ነው። በመዝገቡ ላይ ይህ ሰፈር ጠግቧል፤ ስለዚህ የሚመጣለት የለም።

“ጠዋት፣ ውሸት ከጻፍሽበት መዝገብሽ ምን ይረባል ብለውኝ ነበር፤” አለች። “ይቅርታዎን ኣቦይ፣ እርስዎም የነገሩኝ የሚጠራውን ዋጋ ነው።”

ሃያ ስምንት ዓመት የነገዱ ሰው በገዛ ሚዛናቸው ተመዘኑ። ድምፃቸው ተሰበረ።

“ሦስቴ ያልኩሽ ልጄ እያለ የምንበላውን ነው። አምስት ያልኩሽም እሱን ቆጥሬ ነው። አራት ነን ለማለት አፌ አልታዘዘኝም፤ በገዛ አፌ የቀበርኩት ይመስለኛል። ናፈቀኝ፣ ጓለይ። በጣም ናፈቀኝ።”

ኣሪያምም ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ሥራዋን አልረሳችም። “እኔ ማቲያስን ከቤቱ አልሰርዝም። በስደት ያለ የቤተሰብ አባል የሚመዘገብበት ቦታ አለ፤ ስሙን እዚያ እጽፈዋለሁ። እኔ የምጠይቅዎ፣ ትናንት ከዚህ ድስት የበላ ስንት ነው?”

ይህን ጊዜ ኣደይ ኣምለሰት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። “እኔም ይናፍቀኛል፣ ዓንደብርሃን። ግን መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም ክብራችንን ጠብቃችኋል ወይ አይለንም። ልጄስ ብሎ ነው የሚጠይቀን።”

ኣቦይ ዓንደብርሃን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሲያወርዱት የሳሊናን ክንድ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት፤ ጣቶቻቸው ክንዱን ዞረው ተደራረቡ።

“ጻፊ፤” አሉ። “አራት ነን። እኛ አንዴ በላን፤ ቂጣ በሻይ። ልጅቷ ሁለቴ። ሥጋ ከበላን ቆየ፤ ፋሲካውም ያለ ሥጋ አለፈን።”

ጻፈች። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ሓዱሽ ቤት ወሰዷት፤ በሩ ላይም ቆመው እኔ እውነቱን ተናግሬአለሁ፣ አንተም ለልጆችህ ስትል ተናገር አሉት። ሓዱሽ እፎይ ያለ ይመስል ወዲያው ተናገረ። እስኪመሽ ድረስ ዘጠኝ ቤት አዳረሱ፤ ከዘጠኙም ጠግበናል ያለ አልተገኘም።

ወር ከምናምን በኋላ ጤና ጣቢያው ለሰፈሩ ሕፃናት አልሚ ምግብ ማደል ጀመረ፤ ክንዳቸውም በየሁለት ሳምንቱ ይለካል። ኣቦይ ዓንደብርሃንም ሥራ አገኙ፦ ማክሰኞ ማክሰኞ የተሸጠበትን እውነተኛ ዋጋ ለኣሪያም ደውለው ይነግሯታል። እህል ሲወደድ ቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ሕፃን ሳይከሳ ይደረስለታል። የትልልቆቹ ገበታ ገና አልሞላም፤ ይህን መደበቅ ያው የድሮው ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን እውነተኛ መልስ የሰጠ ሰፈር ቢያንስ ይታያል።

በሦስተኛው ወር የሳሊና ክንድ ከቢጫው ወጥቶ የጤነኛው አረንጓዴ ላይ ቆመ። ያን ቀን ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ልጅቷ እቅፍ አልወድም ብላ ወረደችና ዳገቱን በራሷ እግር ሮጠች። ኣቦይ ዓንደብርሃን እያለከለኩ ተከተሏት።

“ሩጪ፣ የኔ እናት፤” አሏት። “አባትሽ ሲመጣ እንዲህ ሮጠሽ ነው የምትቀበዪው።”