ሽማግሌ የጠፋበት ድራማ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ አዛውንትና ጎረቤታቸው የሆነች መምህርት ስለ ማታው የቱርክ ድራማ ያወራሉ።

«ወንድማማቾቹ ታረቁ?»

«ኧረ አልታረቁም አባባ። ጭራሽ ባሰባቸው።»

«አጀብ ነው! ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲኳረፉ መሀል የሚገባ ሽማግሌ ጠፋ?»

«ከታረቁማ ድራማው አለቀ።»

«ይለቅ! እኛ አገር ሀብሩ ቢሆኑ ዱዓ አድርገን፣ አፉ፣ ይቅር አባብለን፣ በአንድ ከሰዓት እንጨርሰው ነበር። አሁንም ወልድያ የምሄደው ባልና ሚስት ላስታርቅ ነው።»

«ወንድምዎስ ድራማውን ያዩታል?»

«ያየዋል እንጂ! ሆን ብሎ ድምፁን ሲያስጮኸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።»

«ታዲያ ምናለ አብራችሁ ብታዩ?»

«ቀድሞ ደጄ ይምጣና አፉ በለኝ ይበለኛ! እኔ ነኝ ታላቁ።»

«እሳቸውም እንደዚሁ ነው የሚሉት። መሀል የሚገባ ሽማግሌስ?»

«ከየት ይምጣ ልጄ? የሰፈሩ ሽማግሌ እኔው አይደለሁ?»

ወልድያ ቁጭ ብለው አስታራቂ ለሚጠብቁት ባልና ሚስት በሆዴ ዱዓ አደረግሁላቸው።