ከማን ጋር ነው የተዋጉ?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የጦርነት ፎቶ እየሰበሰብን ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባ ነበር። ስካነሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የኃላፊያችን ሥራ ደግሞ ክራቫቱን እያስተካከለ «ታሪክ እንዳይጠፋ!» ማለት ብቻ ነው። አንድ ቀን ከቋሪት የመጡ እናት በላስቲክ የጠቀለሉትን ፎቶ ፈትተው ሰጡኝ። አንድ ወጣት ምሽግ ውስጥ ጠመንጃውን ደግኗል። እስከዚያ ያስገባኋቸው ፎቶዎች ታጋዮች ከድል በኋላ ተዘጋጅተው የተነሷቸው ናቸው፤ ውጊያ የሚመስል ያየሁት ይህን ብቻ ነው። «ልጄ ነው፤ እንደ ዘመተ ቀረ። ያለችኝ ይችው ናት፤ እንዳትጠፋ አስቀምጡልኝ» አሉ።

ኃላፊያችን የልጁን መለዮ ሲያይ እባብ እንዳየ ሰው ሸሸ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የደርግ ወታደር ነው! እኛ የምንፈልገው የታጋዮችን ነው።»

እሳቸው ረጋ ብለው አዩትና፣ «የእናንተዎቹ ታዲያ ከማን ጋር ነው የተዋጉ፣ ልጄ? ከባሕር ዛፍ ጋር?» አሉት። ፎቷቸውን መልሰው ጠቅልለው ወጡ።

የሰበሰብናቸው ፎቶዎች ኤግዚቢሽን ቡሬ ላይ ተከፈተ። ግድግዳው ሙሉ ጠመንጃ ደጋኝ ነው፤ ከፊታቸው ግን አንድም ሰው የለም። ኃላፊያችን ሪባን ቆርጦ ስለ መራራው ትግል ሲደሰኩር፣ እኔ አንዱ ፎቶ ላይ ከታጋዮቹ ፊት የቆመውን ባሕር ዛፍ እያየሁ «አይ አንተ፣ ምን አድርገሃቸው ነው?» እለው ነበር።