የበድሉ የጸሎት ርዕስ

— ሄሎ?... አቤት፣ እትዬ የዓለምወርቅ። ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን።... ውድነሽም ደህና ናት፣ እዚሁ ልብስ እያጠፈች ነው።

በድሉ የጸሎት ቡድኑን መሪ ድምፅ ሲሰማ ከሶፋው ብድግ አለ። እትዬ የዓለምወርቅ ቅዳሜ ከሰዓት እነበድሉ ሰፈር ካስልሪጅ ድረስ የሚደውሉት ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው።

— የምን ጉዳይ?... እ፣ የረቡዕ ዕለቱ። አዎ፣ «በልቤ ያለ ጉዳይ አለ፣ ዝም ብላችሁ ጸልዩልኝ» ብያለሁ።... ጾማችሁ? ሦስት ቀን?... ቆንጅትም? እሷ እኮ ስኳር አለባት።

እንዲህ ያለውን የጸሎት ርዕስ ማንም ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ደንቡ ነው። መገመትን ግን ደንቡ አይከለክልም።

— ትዳራችን? ኧረ እትዬ፣ ትዳራችን ሰላም ነው።... ማነው ያየኝ? መርዕድ?... እሱ ከናይት ሺፍት ሲመለስ ነው። አዎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ከከተማ ወጣ ብዬ እቆማለሁ።... የመኪናዬን መብራት አጥፍቼ? ታዲያ ካላጠፋሁ ትበርብኛለቻ።... ጉጉቷ፣ እትዬ። ወፏን ነው የምልዎት።... ምንም አይደለም ውድዬ፣ የጸሎት ነገር ነው። እዚህ ሲግናሉ ደካማ ነው፣ ቤዝመንት ልውረድ።

በመላው ካልጋሪ ሲግናል ፍለጋ ቤዝመንት የወረደ ሰው ቢኖር በድሉ ብቻ ነው።

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል?... እንግዲህ ልንገርዎት፣ በእርስዎና በኔ መሀል ይቅር። ሴት አይደለችም። ካሜራ ነው።... ካሜራ። ፉል ፍሬም የሚባለውን ገዛሁ።... አልነገርኳትማ። አምና የካሜራ ማቆሚያውን ትሪፖድ ገዝቼ የተቆጣችኝ ጊዜ «ሁለተኛ ሳልነግርሽ አልገዛም» ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። እንድነግራት ጌታ ድፍረት እንዲሰጠኝ ነው ጸልዩልኝ ያልኩት።

የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነክቶ የነዳጅ ቧንቧ ሥራ በተትረፈረፈበት በዚያ ዓመት፣ የቧንቧ ማከማቻው ፓይፕ ያርድ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ሁሉ ኦቨርታይማቸውን ፒክአፕ መኪና አድርገውታል። እሱ ካሜራ ቢያደርገው ምን ነውር አለበት? ነውሩ ካሜራው ላይ እንዳልሆነ ግን ልቡ ያውቀዋል።

— አሮጌውማ አለኝ። ግን ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ ንጋት ላይ ብርሃን ሲያንስ ፎቶው በሶ የተነሰነሰበት ይመስላል። ይሄኛው በድንግዝግዝ ላባ ያስቆጥራል።... ወፏ? አይ፣ ትልቅ ሆና እንኳ አትታይም። እንዲያውም ይሄኛው ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ በዚያው ሌንስ ሲያነሷት ታንሳለች።... አዎ እትዬ፣ ወፏ ታንሳለች።... ዋጋውማ ይበልጣል።... የለም፣ አላመመኝም።... እሷን ለማቅረብ ረዘም ያለ ሌንስ ያስፈልጋል። ለሱ ሌላ ጊዜ እንጸልያለን።

ይህን ነገር ድምፅ አውጥቶ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። ለራሱ ጆሮም ደስ አላለም።

— ጋሽ ካሣዬና ጋሽ አድማሱ? ወዴት?... እኛን ሊያስታርቁ? አሁን?... እትዬ፣ እባክዎ ይደውሉና ይመልሷቸው። ማንን ከማን ነው የሚያስታርቁት? ዛሬ እንኳ ምሳ ባንድ ትሪ ነው የበላነው።... ሲነዱ ስልክ አያነሱም? ገባኝ፣ የትራፊክ ቅጣት ፈርተው ነው።... እንዲያውም በር ላይ ጠብቄ እኔው እመልሳቸዋለሁ። ውድነሽ ሽማግሌ ስታይ ምን ልትል ነው?... ካሜራው? መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። አታገኘውም፣ እሷ የኔን ትራንክ ከፍታ —

ዘወር ሲል ውድነሽ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ ያጠፈችውን ፎጣ እንደታቀፈች። ፊቷ ላይ ቁጣ አይታይም። በድሉን ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

— ውድዬ... ከመቼ ጀምሮ ነሽ እዚህ?... ከ«ወፏ ታንሳለች» ጀምሮ?... ልነግርሽ ነበር እኮ።... አውቃለሁ፣ ቃል ገብቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።... የመኪናዬን ቁልፍ ምን ልታደርጊው ነው? ኧረ ብርድ ነው፣ ጃኬት ደርቢ...

ከላይ የውጭው በር ተከፈተና ተዘጋ። በድሉ ወደ ቤዝመንቱ ትንሽ መስኮት ተጠጋ። ከዚያ የሚታየው የመኪናው ጎማና የውድነሽ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። በበረዶ ላይ በነጠላ ጫማ ወጥታለች።

— ሄሎ... አለሁ እትዬ።... አዎ፣ ሰማች።... አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።... ጋሽ ካሣዬ መልሰው ደወሉ? በሌላው መስመር ናቸው?... ሰፈራችን ትራፊክ መብራት ላይ ቆመዋል?

ብርድ ልብሱ ባዶውን በረዶው ላይ ዱብ አለ። ጫማዎቹ ወደ ቤት ዞሩ።

— የለም እትዬ፣ እንዳይመልሷቸው። ቶሎ ይምጡ ይበሏቸው።... አዎ፣ አሁን ተጣልተናል።

ስልኩን ዘጋና ደረጃውን መውጣት ጀመረ።