ደረጃ ላይ የተበላ ምሳ

ወደ ቮርቢ ጎርድ ሰፈር በሚሄደው የከተማ ባቡር ውስጥ፣ ሳላስፈቅድ እህቴን ክፍሌ ስላሳደርኩ ለአከራዬ የይቅርታ መልእክት እየጻፍኩ ነበር። ከፊቴ አንዲት ወጣት መምህርት፣ አጠገቧ ለተቀመጡ እናት ኩዌት ስላስተማረችበት ጊዜ ታወራለች።

“አራት መምህራን ባንድ የትምህርት ቤቱ አፓርታማ ነበርን፣ እማማ። ወንድ እንግዳ ክልክል ነው።”

“ደግ ሕግ ነዋ!”

“አባቴም ጭምር! ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ዘበኛው በር ላይ አቆማቸው።”

“ወይ ጉድ! አባትም ወንድ ነው ተባለ?”

“ተባለ። እኔም ምሳውን አውርጄ መግቢያው ደረጃ ላይ ዘረጋሁት።”

“ሰው እያየሽ?”

“ይየኛ! አባቴማ ዘበኛውንም አጎረሱት። ‘አንድ ጉርሻ ያጣላል’ ብለው ደገሙት።”

“በላ?”

“ጣቱን እስኪልስ! በማግስቱ ግን ትምህርት ቤቱ ‘አሰድበሽናል፣ ይቅርታ ጠይቂ’ አለኝ።”

“ጠይቆ መገላገል ነበር፣ ልጄ። እንጀራሽ አይደል?”

“አባቴን ስላበላሁ? ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ እንጂ አልጠየቅኩም። ዛሬም ቢሆን አልጠይቅም!”

የጻፍኩትን ይቅርታ ከመጨረሻው ጀምሬ ፊደል በፊደል አጠፋሁት።