ዝግባው በመፀው ለምን ቢጫ ሆነ

ወሩ ኅዳር ነው። አቶ ገብረወልድ ከቡታጅራ ገበያ ሲመለሱ ዝግባቸው ፊት ለፊት ሰው ተቀምጦ አዩና ዱላቸውን ይዘው ተጣደፉ። አንዲት ወጣት ጭኗ ላይ ወረቀት ዘርግታለች፤ አጠገቧ ባለው ሳህን ላይ ቀይ ቀለም አለ።

ቀይ ቀለምን ያውቁታል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሰዎች ወረቀት ይዘው ወደ ጎረቤት መንደር መጡ፤ ዋርካው ላይ ቀይ ምልክት ቀቡ፤ በሳምንቱ ዋርካው ተቆርጦ በመኪና ተጫነ። ያኔ አቶ ገብረወልድ የዝግባቸውን ግንድ በሾህ ሽቦ ጠመጠሙ፤ ሰው እንዳይጠጋውም ከለከሉ። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ «በአንተ ዘመን እንዳይወድቅ» ብለው ያስማሏቸው ዛፍ ነው።

«አንቺ! ማን ላከሽ?»

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ። ማንም አልላከኝም። ማዕዶት እባላለሁ፤ ቡታጅራ ሥዕል አስተምራለሁ። የመፀውን አገር ለተማሪዎቼ ልሥልላቸው ብዬ ነው።»

«ቀዩስ?»

«ከዛፉ ማዶ የተሰጣው በርበሬ ነዋ።»

ዞር ብለው አዩ። እውነትም በርበሬ ተሰጥቷል። ፍርሃታቸው ግን አልለቀቃቸውም።

«እዚህ አገር ወረቀት ላይ የወጣ ዛፍ ሁሉ ተቆርጧል። አጥፊው።»

«የቆረጠው መጥረቢያ ነው እንጂ ወረቀት አይደለም።»

«መጥረቢያውንስ ማን ጠራው? ወረቀቱ!»

ማዕዶት ሳቀች። «እሱስ እውነትዎን ነው። የኔ ወረቀት ግን ማኅተም የለውም። ይቀመጡና ይዩት፤ ካልወደዱት በእጅዎ ይቅደዱት።»

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ ወረቀቱን አረጥበዋለሁ» አለች። «ቀለሙ እርጥቡ ላይ ሲያርፍ ይሰራጫል፤ ያ የሩቁ ተራራ ነው። ሲደርቅ የጤፉን ቢጫ አሳስቼ እቀባለሁ፤ ደማቁ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ብርሃን ያለበትን ቦታ አልነካውም፤ ነጩን ወረቀት እተወዋለሁ።»

«ነጭ ቀለም ተወደደ እንዴ?»

«አለኝ፣ አባባ። እንደ ወረቀቱ አያበራም። ግንዱን ደግሞ ውሃው በተጨመቀ ብሩሽ ፈግፈግ ሳደርገው ቅርፊቱ ሻካራ ሆኖ ይወጣል።»

ድንገት ብሩሿ ቆመ።

«ዝግባ በመፀው ቢጫ ይሆናል?»

አቶ ገብረወልድ ቅጠሉ ሲቀየር ያዩት ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም።

«ለምን ጠየቅሽ?»

«አረንጓዴ በጥብጬ ነበር። በምሥራቅ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ግን ቢጫ ነው። የምሥለው የለመድኩትን ሳይሆን የማየውን ነው።»

«ዝም በይ! አፍሽን በክፉ አትክፈቺ።»

«ልቅረበውና ልየው?»

«ማንም አይቀርበውም!»

«እርስዎስ መቼ ቀረቡት?»

ሽማግሌው ዛፉን በየቀኑ ከደጃቸው ሆነው ይጠብቁታል። እጃቸው ከነካው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ተነሥተው ፊት ፊት ሄዱ። ግንዱን የሸፈነውን ሐረግ ገለጡ። ሽቦው በምሥራቅ በኩል ቅርፊቱን በልቶ ገብቷል፤ ከበላዩ እንጨቱ አብጧል፤ ከበታቹ ሙጫ ይንጠባጠባል።

«ማነው እንዲህ ያሰረው?» አለች ማዕዶት።

«እኔ ነኝ።» እጃቸውን ቅርፊቱ ላይ አሳረፉ። «ይሞታል?»

«አላውቅም፣ አባባ፤ የሚያውቅ ሰው እንጥራ። በምዕራብ በኩል ግን አሁንም ለምለም ነው።»

የምንወደውን ከሰው ዓይን ብንሸሽገው የሚተርፍ ይመስለናል። እንደ አቶ ገብረወልድ ያለን ብዙ ነን። ያ ዛፍ ሰው ሁሉ የሚጠጋው ቢሆን ኖሮ የሽቦው ጉዳት በሁለተኛው ዓመት በታየ ነበር።

በማግሥቱ የግብርና ባለሙያ መጣ። ሽቦው በፒንሳ እየተቆራረጠ ወጣ፤ ጠልቆ የገባው እዚያው ቀረ። «መዳን አለመዳኑ በዓመቱ ይለይለታል» አለ ባለሙያው። ከዚያ በላይ ቃል አልሰጠም።

ለቅዳሜው አቶ ገብረወልድ ተማሪዎቹን ራሳቸው አስጠሩ። እያንዳንዱ የመንደሩን አንድ አንድ ዛፍ ሣለ፤ ሥዕሎቹም በመንደሩ ሽማግሌዎች እጅ ተቀመጡ። በየኅዳሩ እንደገና እየተሣሉ ከአምናው ጋር ይተያያሉ። የታመመው ሳይደርቅ ይታወቃል፤ የተቆረጠ ቢኖር እዚህ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ልጆቹም ዛፉን በስሙ ያውቁታል።

ማዕዶት የዝግባውን ሥዕል ስትጨርስ ሽማግሌው ከኋላዋ ቆመው ነበር።

«ለእርስዎ ስል ቢጫውን ላደብዝዘው?» አለቻቸው።

«ተዪው፣ ልጄ። እንዳለ ይሁን። ካደበዘዝሽው ለከርሞ ኅዳር ቢጫው መቀነሱን በምን አውቃለሁ?»

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።