ሳይበሱ መነጽር ለሚያስሩት ለጋሽ ተኪኤ

ዛሬ እሑድ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1996 ነው። ቀኑን የማነበው ጠፍቷችሁ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር እስኪመጣልኝ ብዙ ስለቆየሁ፣ የደከምኩበት አይቅር ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ገንዘብ ተቀባያችን እትዬ ማሚት ግን፣ "ማዕዶት፣ አንቺ ሁልጊዜ ዝም ስለምትይ ያልወጣ ብዙ ቃል አለሽ" ብለው በዚህ በጋሽ ተኪኤ የጡረታ መሸኛ እንድናገር እኔን መረጡ። ሂሳብ አይሳሳቱም ብዬ ተቀበልኩ። አሁን ግን የተሳሳቱ ይመስለኛል።

የፈራሁት ንግግሩን ብቻ አይደለም። ነገ ሱቃችን ውስጥ አንድ ጠመንጃ ሊበሳ ነው። ዓርብ ዕለት ሰምቼ ዝም ብያለሁ። እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ትንሽ ሳቁልኝ።

ጋሽ ተኪኤ ክሪስታል ከተማ ወዳለው የጋሽ ኩምሳ ጠመንጃ መጠገኛ ሥራ ፍለጋ ሲመጡ እኔ አልነበርኩም። ጋሽ ኩምሳ በየሳምንቱ ስለሚያወሩት ግን እንደነበርኩ ነኝ። ጋሽ ተኪኤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ገቡ። ጋሽ ኩምሳ ከመንግሥት የመጡ ተቆጣጣሪ መሰሏቸው። ወንበር አቀረቡ፣ ሻይ አመጡ፣ ወለሉን ጠረጉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ተኪኤ፣ "ይቅርታ፣ እዚህ ሰው የሚቀጠረው ለሻይ ነው?" አሉ። ዛሬ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጠድቶ አያውቅም ይባላል።

የእኔ የመጀመሪያ ቀን ከዚህ ይብሳል። ስልኩ ሲጮህ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ጋሽ ተኪኤ በሩን ቀስ ብለው አንኳኩና፣ "ልጄ፣ የደወለው ሰው ዘግቷል፤ መውጣት ትችያለሽ" አሉኝ።

አመላቸውን ታውቃላችሁ። በብርድ ጊዜ ሲዋርድ ካለው ቤታቸው እስከ ክሪስታል ከሚነዱበት ይልቅ መኪናውን አስነስተው እስኪሞቅ ዋርም አፕ የሚያደርጉበት ይረዝማል። ካቻቪቴያቸውን ለማንም አያውሱም። ጋሽ ኩምሳ አንዴ የቀለም ቆርቆሮ ከፈቱበትና እስከ ማታ አላናገሯቸውም። ደግሞ የእትዬ ማሚት የልጅ ልጅ የበላበትን የሕፃን ምግብ ብልቃጥ ሁሉ ይሰበስባሉ። ልጁ ሩዝ መብላት ሲጀምር ያዘኑት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከጠመንጃ ላይ የፈቱትን ዕቃ፣ ትንሿን ብሎን ሳይቀር፣ በብልቃጡ አድርገው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። "የነበረውን የሚፈልግበት ቀን ይመጣል" ይላሉ።

አምና አንድ ሽማግሌ ከሴንት ሉዊስ ፓርክ አባታቸው ከጦርነት ይዘው የተመለሱትን አሮጌ የወታደር ጠመንጃ አመጡ። ዓይናቸው ስለደከመ ለአጋዘን አደን ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ይታሰርልኝ አሉ።

"በትራፓኖ በስተን ከላይ እናስረው፤ ከምሳ በፊት ያልቃል" አሉ ጋሽ ኩምሳ።

"ከምሳ በኋላ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?"

"ሌላ ጠመንጃ ይገዛሉ።"

"ሌላ አባትም ይገዛሉ?" አሉ ጋሽ ተኪኤ።

ከዚያ የኋላውን ማነጣጠሪያ ፈትተው፣ በነበረው ቦታ፣ በነበሩት ብሎኖች የመነጽሩን መያዣ አሰሩ። አዲስ ቀዳዳ የለም፤ ጭረት የለም። መነጽሩን እንዳስር ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ከመደርደሪያው የሚያብረቀርቀውን መርጬ አሰርኩ።

"ምን ታያለሽ?" አሉኝ ጋሽ ተኪኤ።

"ብርሃን።"

"ምን ያህል?"

"የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል።"

አንገቴን ወደፊት ሰገግኩት። የቁልፏ መጠን ትንሽ ጨመረ። መያዣው ከዓይን ርቆ ስለሚቀመጥ፣ ከሩቅ የሚታይበት መነጽር ነበር የሚያስፈልገው፤ እኔ ያሰርኩት ዓይን ሥር የሚሆነውን ነው። ጋሽ ተኪኤ አልሳቁም። "አንገትሽ እስኪያድግ እንጠብቅ ወይስ መነጽሩን እንቀይረው?" አሉና ካቻቪቴውን ሰጡኝ። አዎ፣ ያንን ካቻቪቴ። ጋሽ ኩምሳ ቆመው ያዩ ነበር፤ እስካሁን ቅር ሳይላቸው አይቀርም።

ጋሽ ተኪኤ፣ እዚህ ስመጣ ትምህርቴን ብዙ ሳልገፋ ነው። ሌላ ቦታ ስሳሳት ይጮሁብኝ ነበር። እርስዎ ጋ ያጠፋሁት ሁሉ ግን ተፈትቶ እንደገና የሚታሰር ነበር። እኔንም የያዙኝ እንደዚያ ጠመንጃ ነው፤ ምንም ሳይበሱ። አመሰግናለሁ ማለት ያንሳል፤ የተሻለ ቃል እትዬ ማሚት ያሉት ክምችት ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ስለ ዓርብ። አንድ ሰው ደውለው የአያታቸውን አሮጌ ጠመንጃ መነጽር ለማሳሰር ሰኞ ጠዋት እንደሚያመጡ ተናገሩ። ጋሽ ኩምሳ፣ "ተኪኤ ከሄደ ማን ይከራከረኛል፤ እበሳዋለሁ" አሉ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነበር። ማታ ጋሽ ተኪኤ መኪናቸው እስኪሞቅ ሲጠብቁ፣ "ሥራውን ታውቂዋለሽ። አፍሽን ግን እኔ ልከፍትልሽ አልችልም" አሉኝ።

እባካችሁ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ኮካ የያዛችሁም። ጋሽ ተኪኤ፣ ጤና ይስጥዎ፤ መኪናዎ ቶሎ ይሙቅ፤ ከእንግዲህ የሚፈቱት ክራቫት ብቻ ይሁን። ለጋሽ ተኪኤ!

ጋሽ ኩምሳ፣ ነገ ትራፓኖውን አያውጡት። ቀድሜ እመጣለሁ፤ ሰውየውን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ መያዣውን በድሮው ቀዳዳ አስሬ፣ የፈታሁትን በብልቃጥ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ። ስልኩ ቢጮህም ሽንት ቤት አልገባም። ጋሽ ተኪኤ፣ ሰውየው የሸሚዝ ቁልፍ ነው የማየው ካሉኝ ግን እርስዎ ጋ እደውላለሁ፤ የዚያን ጊዜ እባክዎ እርስዎ እንዳይደበቁ።